ቤት አፍራሹ መምህር

ተማሪዎቹ «ቤት አፍራሹ» ይሉት ነበር። ግጥም ሲያስተምር ቤት መምታት አይወድም። «ቤት የሚመታ ግጥም ገና ሳያልቅ መድረሻውን ያስታውቃል። ቤት አልባው ግን ምቱን ሳይለቅ እንደ ሰው ያወራል» ይላል፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ትስቅበታለች፦ «በሰው ቤት ተከራይተህ እየኖርክ ደግሞ ታፈርሳለህ?»

ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ቀኝ ጎኑ ሰለለ፤ አንደበቱ ተያዘ። የሚስቱን ስም እንኳ መጥራት አቃተው። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ግን «ምን ላድርግልህ?» ብትለው፣ በልጅነቱ ገመድ ሲዘል የሚላትን ግጥም አንድ ቃል ሳያዛንፍ አንበለበላት። የሚቀልድባት መሰላትና ተቆጣች።

ሐኪሟ አስረዳቻት። «እናቴ፣ እየቀለደ አይደለም። ንግግሩ ነው የጠፋው። በልጅነቱ በምትና በቤት የያዘው አልተነካም።»

«ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ቤት አልባ ግጥምስ?»

«ቤት የሌለው? እሱ ከንግግሩ ጋር ሄዷል።»

ሚስቱ ገጥማ አታውቅም። ስፌቷን አቁማ አልጋው አጠገብ ተቀመጠችና የሚያስፈልገውን የሚጠይቅበት ስንኝ መቋጠር ጀመረች። ምቱ ሲሰበርባት እሱ በግራ እጁ ፍራሹን ይመታል፤ ትደግመዋለች። በመጨረሻ ይህችን አገኙ፦

ከንፈሬ ደረቀ ጉሮሮዬ ነዳ፣
ውሃ አምጪልኝ እስኪ ቶሎ በይ ከጓዳ።

ያዛት። ሲጠማው ይላታል፣ ትቀዳለታለች። በጠራ ድምፅ ብሎ ሲጨርስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ለርሃቡም ለሕመሙም ልትቋጥርለት አስባ ነበር። የደንበኛ ልብስ ተከመረባትና ዛሬ ነገ ስትል ቆየች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያችኑ ስንኝ አላት። ውሃ አመጣችለት፤ ገፋው። ደገመላት።

«ይኸው እኮ ውሃው! ምን ልሁንልህ?» ጮኸችበት።

እንደገና አላት፣ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ። ያኔ ገባት። ብርጭቆውን ጥላ ጎረቤት ልትጠራ ሮጠች። ሲመለሱ አልፏል።

ከቀብሩ በኋላ የባሏ እህት መጣች። «ለመቃብሩ ድንጋይ ሁለት ስንኝ ቋጥሪለት እንጂ። ገጣሚ ሆነሽ የለ?»

«ተይኝ እትዬ» አለች። «ደረቱን እያመመው በኔ ስንኝ ውሃ ሲለምን ነው የሞተው።»

ድንጋዩ ላይ ስሙ ብቻ ተቀረጸ። ሰንብታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ደንበኞቿ እንደሚሉት፣ ሬዲዮው ዘፈን ሲጀምር፣ ስንኙ ቤት ሳይመታ ተነስታ ታጠፋዋለች።