ለፈሪ የተቆፈረ ቁልቁለት

እትዬ ኩርባ በኮረብታው መናፈሻ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ስትቆፍር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ እሷ ግን ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። አታውቅም ማለትስ ልክ አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች የወንድሟን ብስክሌት እየሰረቀች ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩን ስታምስ ከረመችና፣ አንድ ቀን ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተላተመች። ሁለት የፊት ጥርሷን እዚያው ትታ መጣች። አባቷ ብስክሌቱን ሸጠው፣ ወንድሟ አንድ ወር አኮረፋት። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት ባየች ቁጥር እጇ ሳታዝዘው ወደ አፏ ይሄዳል።

መቆፈሩን የጀመረችው ባሏ ሲሞት ነው። እሱ የመናፈሻው ዘበኛ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ቁጣው ግን ከበር የማያልፍ ሰው። ሲሞት መሥሪያ ቤቱ ለእሷ ዶማና አካፋ ሰጥቶ የጎርፍ መውረጃ ጥረጊ አላት። ስትጠርግ ስትጠርግ የውኃን ጠባይ አወቀች። "ውኃ ሰነፍ ነው፤ በቀለለው በኩል ይሄዳል። ጎማም እንደዚያው" ትላለች። አዲስ መንገድ ልትቀድ ስትነሣ በጀሪካን ውኃ ተሸክማ ትወጣና ከላይ ትደፋዋለች፤ ውኃው የሮጠበትን ትታ ያዘገመበትን ትከተላለች። ቀጥላ ደግሞ ጎንበስ ብላ፣ ሁለት እጇን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግታ፣ በእግሯ ትወርዳለች። ልቧ ድንግጥ ያለባት ቦታ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለች። እዚያ ኩርባ ይቆፈራል። ስሟም ከዚያ መጣ።

ጎሚስታው፣ በመናፈሻው በር ጎማ የሚጠግነው ሽማግሌ፣ መጀመሪያ እንዲህ ሆና ስትወርድ ያየ ዕለት ሥራውን ጥሎ ሮጦ ሄዶ "ምን ነካሽ? ማን ልጥራልሽ?" ብሏታል። እስከ ዛሬ ያሾፍባታል።

የመጨረሻው መንገዷ ስምንት ወር ፈጀባት። አርባ አንድ ኩርባ አለው። ለማን እንደቆፈረችውም አሳምራ ታውቃለች፦ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የጓደኞቻቸውን ቦርሳና ጃኬት ለሚይዙት። ሌላው ከላይ እየጮኸ ሲወርድ እነሱ ቦርሳ ይዘው ፈገግ ይላሉ። ያቺን ፈገግታ ታውቃታለች፤ ሃምሳ ዓመት ፈገግ ብላበታለች።

ጎበዞቹ ነጂዎች ግን አንዴ ወርደው "የፈሪ መንገድ" ብለው ስም አወጡለት። ስም ደግሞ ከወጣ አይመለስም፤ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ጠፋ። ማክሰኞ ዕለት የመናፈሻው ኃላፊ ቢሮው አስጠራት።

"እትዬ ኩርባ፣ ቅር እንዳይልዎት። ከቅዳሜ በኋላ ችግኝ ልንተክልበት ነው።"

"በመንገዴ ላይ?"

"ጎበዙ ዘገየብኝ ይላል፣ ፈሪውም ያው ፈሪ ነው። ታዲያ ለማን ነው?"

"ለፈሪ ሜዳ አይነሡትም ሲባል አልሰሙም?"

"ሜዳ መቼ ነሣን? ይሄ እኮ ቁልቁለት ነው።"

"ቁልቁለትም አይነሡት!"

ኃላፊው ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሣም እንጂ። "እሺ፣ እስከ ቅዳሜ አንድ ፈሪ ያምጡልኝ። እግሩ መሬት ሳይነካ ከላይ እስከ ታች ከወረደ ተከላው ይቀራል።"

ፈሪ ፍለጋ ተነሣች። መቼም ፈሪ ማግኘት እንዲህ ይከብዳል ብሎ ማን ያስባል! በረኛውን ጠየቀችው፤ "እኔ? ከጅብ ጋር የተፋጠጥኩት ሰውዬ?" አለ። "እንግዲያው ንዳ" ስትለው ወገቡን ያዘ። ትኬት ቆራጯ "አልፈራም፤ አልወድም እንጂ" አለቻት። አግዳሚው ላይ ካሉት አንዷ ጫማዋ አይመችም፣ አንዱ ገና አሁን በልቷል፣ አንዱ ደግሞ ለጃኬቶቹ አደራ አለበት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ዘንድ ሄዳ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች።

"ፈሪ አገሩን ሞልቶ፣ ፈሪ ነኝ የሚል ጀግና ጠፋ" አላት ጎማ በውኃ እየፈተሸ።

"አትሳቅብኝ አንተ ሰውዬ። የስምንት ወር ልፋቴ ነው።"

ቀና ብሎ አያት። እጇ አፏ ላይ ነበር። "አንቺስ?" አላት።

"እኔ ምን?"

"ካንቺ የባሰ ፈሪ ከየት ይመጣል?"

ተቆጥታ ተነሣች። ጥቂት ሄደች። ከዚያ ተመለሰችና "በል ብስክሌት አውሰኝ" አለችው።

ቤት ስትደርስ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ነገሩን ሰምታ አፏ ውስጥ የያዘችውን መርፌ ልትውጠው ምንም አልቀራት። "እትዬ፣ ስልሳ አንድ ዓመትሽ እኮ ነው!"

"ቁልቁለት ዕድሜ አይጠይቅም።"

"ቁልቁለቱማ አይጠይቅም፣ ሐኪሙ ይጠይቃል!"

ይህን ብላ ግን ከቁም ሣጥን የሟቹን ሱሪ አውጥታ አሳጠረችው፤ የሶፋውን ትራስ ቀድዳ ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ ሰፋችበት። አርብ ዕለት እትዬ ኩርባ ከመናፈሻው ጋራዥ ጀርባ ስትወድቅና ስትነሣ ዋለች። ጎሚስታው ያዋሳት ብስክሌት እሱ ራሱ ከአምስት ሙት ብስክሌት ገጣጥሞ የሠራው ነው፤ ሲሄድ አምስቱም በየድምፃቸው ይጮኻሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰዉ ሁሉ ከታች ተሰበሰበ። ጎሚስታውና በረኛው እግሯን ሊቆጣጠሩ መንገዱ ዳር ቆሙ። እሷ ከላይ ሆና ቁልቁል አየችና መሪውን ጨበጠች። "እናንተ ድንጋዮች፣ አሳፍራችሁኝ እንዳታዋርዱኝ" አለችና ፍሬኑን ለቀቀች።

አንደኛው ኩርባ ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛው ላይ ገለጠችው። አምስተኛው ላይ መንገዱ ራሱ አቅፎ እንደሚያዞራት ገባት፤ የፈራችበት ሁሉ ላይ ቀድማ ደርሳ ነበራ! ልቧ ድንግጥ ሊል ሲል ኩርባው ይመጣል፣ ድንጋጤው ሳይጀምር ያልቃል። አሥረኛው ላይ ሳቀች። ሃያኛው ላይ ማቆም አቃታት፤ ሳቋ በጥርሷ ክፍተት እያፏጨ፣ ሱሪው እየተውለበለበ፣ አምስቱ ብስክሌቶች እየተንጫጩ ወረደች። "እግር! እግር እዩ!" ይላል በረኛው ከኋላዋ እየሮጠ። "የታለ እግር? በራለች!" ይላል ጎሚስታው። አርባ አንደኛውን ዞራ ኃላፊውን አልፋ፣ አግዳሚውን አልፋ፣ የችግኙን ክምር ሁለት ጊዜ ዞረችና ቆመች።

ሰዉ አጨበጨበ። ኃላፊው ግን ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ ኩርባ፣ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን መንገዱን የቆፈረ ሰው አይቆጠርም። እያንዳንዱን ጠጠር ያውቁታል። እኔ ያልኩት ፈሪ ነው።"

ደስታዋ ፊቷ ላይ ቀዘቀዘ። ወዲያው ግን አንድ ነገር አየች፤ እሷ ብስክሌቱን ገፋ አድርጋ ስታቀርበው ኃላፊው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ግራ ክንዱንም በቀኙ ያዘ።

ጠጋ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ "መቼ ነው የተሰበረው?" አለችው።

"ማን ነገረዎት?"

"እጅዎ።"

ፊቱ ቀላ። "አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር" አለ።

"እኔ በዘጠኝ። ይበሉ፣ ከረባትዎን ወደ ኋላ ያድርጉት።"

"እትዬ፣ ሰዉ ያየኛል።"

"እኔንስ በምን ሱሪ አዩኝ?"

ብስክሌቱን አብረው እየገፉ ወጡ። ከላይ ወንበሩን ከፍ አደረገችለትና "ፍሬኑን አይጭመቁት፣ ዳበስ ብቻ። የቀረውን መንገዱ ያውቃል" ብላ ለቀቀችው።

ከታች ያሉት መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰሙት። "እናቴ!" አለ። ቀጥሎ "ኧረ!" አለ። ከዚያ ጸጥ ሲል ጎሚስታው ሊሮጥ ተነሣ። ቀጥሎ ግን ከቅጠሉ መሐል እንደ ልጅ የሚንከተከት ሳቅ መጣ፣ ከሳቁ ኋላ ከረባቱ እየተውለበለበ ኃላፊው መጣ። እግሩ የትም አልነካም። ብቻውን የቆመ ዛፍ ላይ ተደግፎ ቆመና እስኪተነፍስ ድረስ ጠበቁት።

"ችግኙን" አለ፣ "ችግኙን ሌላ ቦታ ትከሉት።"

ይህን ሲል ጫማዬ አይመችም ያለችው ሴትዮ የያዘቻቸውን ጃኬቶች አግዳሚው ላይ ጥላ ብስክሌቱን ይዛለች። ከኋላዋ ገና አሁን በልቻለሁ ያለው፣ ከእሱ ኋላ ትኬት ቆራጯ። እትዬ ኩርባ ከላይ እየሮጠች ወርዳ ስትደርስ ሰልፉ በሩ ድረስ ሄዷል።

"እኔ አንዴ ብቻ ልድገም" አለ ኃላፊው ወደ ፊት እየገፋ።

"ሁሉም አንዴ ብቻ ነው የሚለው" አለችው በክርኗ እየመለሰችው። "ከኋላዬ ይቁሙ!"