የሰይድ ግቢ ውሾች

የሰይድ ግቢ በር ሲነቀል የነበርነው አራት ነን፤ ሁለቱ ሠራተኞች ቆርቆሮውን ከግራና ከቀኝ ይዘው፣ የሟቹ የሰይድ ልጅ ዘሃራ ድሮ እህል ይራገፍበት ከነበረው ድንጋይ ላይ፣ እኔ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር። በሩ ሲነሣ ከሥሩ በድንጋይ የተደፈነ ጉድጓድ ታየ። የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ሰፈራችን ሰሜን ያኔ ወደ ውቅሮ የሚወጣው የጭነት መኪና አቧራውን እስከ አልጋችን የሚያደርስበት ነበር። እኔ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ ሰይድ ከወሎ የመጣ እህል ነጋዴ ነበርን። በእብድ ውሻ ሥጋት መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ መጣል ሲጀመር፣ ሰይድ ባለቤት የሌላቸውን የሰፈሩን ውሾች አንድ በአንድ እየጠራ ወደ መጋዘኑ ግቢ አስገባና፣ የሚወስዳቸው ሰው እስኪገኝ እዚሁ ይኑሩ አለ። ውሾቹን የሚነካበት ልብስ ለብቻው ነበር፤ ለሶላት ሲሄድ አውልቆ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። እኛ ሴቶቹ ትርፍራፊ በተራ እንልክ ነበር፤ የእገሊት ቤት ድስት ባዶ ነው እንዳይባልባት እያንዳንዷ ስለምትሰጋ፣ ቤተሰቡ ሳይጠግብ ለውሾቹ የሚላክበት ቀን አልጠፋም። ከዘጠኙ አንዷ፣ ዳማ የምንላት አንካሳ፣ ኮቴዬን ለይታ ታውቅ ነበርና ከሥራ ስመለስ ገና ጥጉን ሳልዞር በበሩ ስንጥቅ አፍንጫዋን አውጥታ ትጠብቀኛለች። ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ይህን አልጠላሁትም።

በሑዳዴ አጋማሽ የሰይድ እናት ታመሙና ወደ ወሎ ሄደ። በጾም ከየቤታችን የሚወጣው ጥቂት እንጀራና ሽሮ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ እንደ ወትሮው በአገሬ ቋንቋ እህቴ ብሎ እየጠራኝ፣ "ሓፍተይ፣ ካልጠገቡ በበሩ ሥር ቆፍረው ይወጣሉ። ለሥጋ ሻጩ ነግሬዋለሁ፣ አጥንት በየቀኑ ያስቀምጥልሻል። ያንቺ ሥራ መውሰድ ብቻ ነው" አለኝ። ሥጋ ሻጩ ከጎኑ የሚሰግድ ወዳጁ ነበር።

በሑዳዴ ከእስላም ሥጋ ቤት ዘንቢል ይዤ ስወጣ የማኅበር እህቶቼ ቢያዩኝ ምን እላለሁ ብዬ በመጀመሪያው ቀን ከደጁ ተመለስኩ። በሁለተኛው ቀን በደጁ ላለማለፍ መንገድ ቀየርኩ። የራሴን እንጀራ ጨመርኩላቸው፤ ለዘጠኝ አልበቃም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት በስንጥቁ ውስጥ አፍንጫ አልነበረም። ስምንቱን በመኪናው መንገድ ዳር ባለው ቦይ መርዙን በልተው ሞተው አገኘኋቸው። ዳማ ብቻ ወደ ግቢው ተመልሳ እየመጣች ነበር፤ በሩ ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ቀርቷት ወድቃለች።

ሰይድ ሲመለስ አጥንቱን በየቀኑ እንደወሰድኩ፣ ያም ሆኖ እንደቆፈሩ ነገርኩት። ውሾቹን ይነካበት የነበረውን ልብስ ከሚስማሩ አወረደ።

"ለፍተሻል፣ ሓፍተይ" አለኝ።

በዚያው ቀን ከሥጋ ሻጩ ጋር መስጊድ ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ስለ ውሾቹ ግን እስኪሞት ድረስ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ሌላ ውሻም አላስገባም፤ ሴቶቹም ድስት መላካቸው ቀረ፣ እየቆየም የጎረቤትን ደጅ ማንኳኳት ቀረ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያንን ጥግ ስዞር እርምጃዬን ቀስ አደርግ ነበር።

ዘሃራ መንገዱን ተሻግራ መጥታ እጄን ያዘች።

"አደይ፣ እናቴ፣ አባዬ እርስዎን ሲያነሣ ሁልጊዜ፣ 'በጾሟ አጥንት ተሸክማ ውሾቼን ያበላች ጎረቤት ነበረችኝ' ይለን ነበር" አለችኝ።

እጄን ቀስ ብዬ አስለቀቅኩ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።