ሥር የሰደደው ገረወይና

ሰርኬ ኮልፌ የገባችው ባሏ ፈቀደ በሞተ በዓመቱ ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ ከአየር ጤና ወዲያ ያለው አገር ደግሞ ማሳና ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር። ያላትን ዕቃ በአንድ አህያ አስጭና መጥታ፣ ከወይዘሮ ከበደች ቦታ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራየች። ጠዋት ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች፤ ከሰዓት ግቢዋ ውስጥ ትውላለች። ልጅ አልወለደችም። ዘመድ አለኝም አትልም። ያ ቤት ቢወሰድባት የምትሄድበት አልነበራትም። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷ ግን ሳትነግረው የዋለችበት ቀን የለም።

ወይዘሮ ከበደች የሚኖሩት ከተማ መሀል ነው። ቦታቸውን የሚያይላቸው ወኪላቸው አቶ ገብረአምላክ ነበር፤ ረጅም፣ በጋ ከክረምት ኮት የማያወልቅ፣ ሰው ሲያነጋግር ሰውየውን ትቶ ግድግዳውን የሚያይ። ቁልፉን በሰጣት ቀን ግቢውን በእጁ እያሳየ፣

«ጎመን ትከይ፣ ሽንኩርት ትከይ፣ ድንችም ካማረሽ ትከይ» አላት። «ዛፍ ግን እንዳላይ። ጎመን ተበልቶ ያልቃል። ዛፍ የተከለ ሰው ውሎ አድሮ ባለቤት ነኝ ማለቱ አይቀርም።»

ቀልድ መስሏት ነበር። ከታች በኩል ያለው ተከራይ ገሜዳ የደረሰበትን ስታይ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። ገሜዳ በቤቱ ጀርባ አንድ መስመር ባሕር ዛፍ ተክሎ ነበር። ዛፉ ከጣሪያው እኩል ሲሆን፣ አንድ ቀን ጠላ ቤት ተቀምጦ «ብወጣም ካሣዬን ሳልቀበል አልወጣም፣ የላቤ ውጤት ነው» አለ። ማን ወስዶ እንደተናገረበት አልታወቀም። ወሩ ሳይሞላ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ዛፉ ቀረ። ሰርኬ በአጥር ቀዳዳ ስታይ አቶ ገብረአምላክ ዛፎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋቸው ነበር፣ የገዛውን በሬ እንደሚደባብስ ሰው።

ተክል መውደዷን ግን መተው አልሆነላትም። እናቷም እንዲሁ ነበረች። ስለዚህ መላ አበጀች። የዘይት ገረወይና እየለመነች ሰበሰበች፣ ታቹን በሚስማር በሳች፣ አፈር ሞላችና በእሱ ውስጥ መትከል ጀመረች። በገረወይና ውስጥ ያለ ተክል አልተተከለም፤ ተቀምጦ ነው። ውጪ ቢሏት ይዛው ትወጣለች፤ ተክለሻል ቢሏት አንስታ ታሳያለች።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ፣ አንድ አዲስ ተክል ትጨምራለች። ከአንድ በላይ አትጨምርም፤ ብዙ ከሆነ ዓይን ይስባል። መጀመሪያ ጤና አዳም፣ ቀጥሎ አሪቲ፣ ከዚያ ጠጅ ሳር፣ ከዚያ ከዘነበወርቅ ሐኪም ቤት አትክልተኛ የለመነችው ቀይ ጽጌረዳ፣ ከዚያ ሎሚ። አዲስ የመጣው አርባ ቀን ሳይሞላው ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀልም። ለብቻው በሩ አጠገብ ይቆያል። ትል ይዞ ይሆናል፣ የሰው ክፋት ይዞ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። በየወሩ ባታ ባለፈ ማግሥት ደግሞ ሁሉንም ገረወይና እያነሳች ታቹን ታያለች። ከቀዳዳው ብቅ ያለ ሥር ካገኘች በቢላዋ ትቆርጠዋለች። ሌላው ሰው ቤቱን ይጠርጋል፣ እሷ ሥር ትቆርጣለች።

ኮኩ የመጣው በስድስተኛው ዓመት ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ግቢ የከሊፋ ነው። ከሊፋ መርካቶ ሚስማርና ቆርቆሮ ይነግዳል፤ ቦታውን በገንዘቡ የገዛ፣ ማንም ውጣ የማይለው ሰው ነው። ሚስቱ ሃጂራ ድምፅዋ እስከ ፌርማታው ይሰማል። አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣

«ሰርኬ! አንቺ ሰርኬ! ሞተሻል እንዴ?» ብላ ተጣራች።

«ብሞት እንዴት እመልስልሻለሁ?»

«ነይ ወደ አጥሩ፣ እጄ ዛለ።»

ሰርኬ ስትጠጋ፣ ሃጂራ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ችግኝ በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠቻት።

«ምንድን ነው?»

«ኮክ ነው። ልጆቹ በልተው የጣሉት ፍሬ ጓሮ በቅሎ። እኔ ሦስት ተክያለሁ፣ ይሄ ተረፈኝ።»

«ለምን ለእኔ?»

«ለምን ላንቺ!» ሃጂራ ሳቀች። «በዚህ በኩል ሌላ ጎረቤት አለኝ? ለጅብ ልስጠው?»

ሰርኬ ችግኙን ይዛ ቆመች። ሰው በነፃ ሲሰጣት ትጠራጠራለች። ካቻምና ከሊፋ ወደ ወይዘሮ ከበደች ሽማግሌ ልኮ፣ ይህንኑ እሷ ያለችበትን ቦታ ሽጡልኝ ብሎ እንደነበር ታውቃለች። ወይዘሮዋ እምቢ አሉ። አሁን ደግሞ ሚስቱ ዛፍ ይዛ መጣች። ጎመን አይደለም፣ ሽንኩርት አይደለም፤ ዛፍ! ወኪሉ ያን ዛፍ ቢያይ እሷን ያስወጣል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ለመሸጥ ይቀላል። ነገሩ እንደ ውሃ ጠራላት።

መጣል ነበረባት። አልጣለችውም። ያን ያህል ለምለም ነገር በእጇ ገብቶ መጣል አላወቀችበትም። በአንድ ያረጀ ገረወይና ተከለችው፤ አርባ ቀኑን ሲጨርስ ከሌሎቹ ነጥላ አጥሩ ሥር አኖረችው፣ ሃጂራ በገረወይና መሆኑን እንድታይ። እንዳልተታለለች ትወቅ ብላ ነው።

ሃጂራም አየች። «ምነው የሰውዬውን እግር በጣሳ ከተትሽው?» አለቻት። «ምድር ስጪው እንጂ!»

«ደህና ነው እንዲህም» አለች ሰርኬ።  ምድር ስጪው ማለት ምን ማለት ነው?

ኮኩ አደገ። በሁለተኛው ዓመት ከወገቧ አለፈ። ወር በገባ ቁጥር እንደ ሌሎቹ እያነሳች ታቹን ታያለች። በዚያው ክረምት ግን ወገቧን ታመመችና ከበደባት። ከዚያ ወዲህ ማንሳቱን ትታ መነቅነቅ ጀመረች። በሁለት እጇ ይዛ ወዲያና ወዲህ ታደርገዋለች፤ ሲወዛወዝ ካየች በቂ ነው ትላለች። የሚወዛወዘው ግንዱ ይሁን ገረወይናው አላጣራችም። ታቹ ዝጎ ካለቀ ቆይቷል፤ አፈርና አፈር ከተገናኘ ሁለት ክረምት አልፏል። ሳታውቀው ቀርታ ነው ለማለት ያስቸግራል። የደከመው ሰው ማወቅ የማይፈልገውን ነገር እንዲህ አድርጎ ነው የሚያልፈው።

በአራተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ኮኩ ፍሬ ያዘ። በዚያው ሳምንት አቶ ገብረአምላክ በሩን አንኳኳ።

ኪራዩን በር ላይ ቆሞ የሚቀበልበት ቀን ሳይደርስ ነው የመጣው። ሰርኬ ወዲያው ዓይኗን ወደ አጥሩ ወረወረች። ማን ነገረው? ከአጥሩ በላይ ኮኩን የሚያይ አንድ ቤት ብቻ ነው።

«እትዬ ቦታውን ሊያስለኩት ነው» አለ ወኪሉ ለግድግዳው። «ማክሰኞ ቀያሾች ይመጣሉ። በቦታው ላይ ምን እንዳለ እይ ብለውኛል።»

«ምን ይኖራል ብለው ነው አቶ ገብረአምላክ? ያው የሚያውቁት ነው።»

«እሱን አያለሁ።»

ጎመኑን በእግሩ ጫፍ አልፎ ወደ ገረወይናዎቹ ሄደ።

«ይሄ?»

«ተቀምጦ ነው» አለች፤ ጤና አዳሙን ብድግ አድርጋ አሳየችው።

«ይሄስ?»

«እሱም ተቀምጦ ነው።»

«ጽጌረዳው?»

«ተቀምጦ ነው፣ ይኸውልዎ።»

«የተቀማጭ ብዛት!» አለ አቶ ገብረአምላክ። ሲቀልድ ሰምታው አታውቅምና ይበልጥ ፈራች። አጥሩ ሥር ደረሰ። «ይኼኛውስ?»

«ተቀምጦ…»

«አንሺዋ።»

ሰርኬ ጎንበስ ብላ ገረወይናውን አቀፈችው። ሳበች። የዛገው ቆርቆሮ ከላይ ተቀደደና በእጇ ቀረ፤ አፈሩ እንዳለ ቆመ። ከመሀሉ የክንድ ውፍረት ያለው ሥር ቀጥ ብሎ መሬት ውስጥ ገብቷል።  አቶ ገብረአምላክ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ እንኳ አልተቀመጠም» አለ። «ይሄ ተተክሏል።»

ይህን ጊዜ ከአጥሩ በላይ የሃጂራ ሻሽ ብቅ አለ።

«እንዴት ዋሉ አቶ ገብረአምላክ! ምነው፣ ኮኬ ምን አደረገዎት?»

«ኮኬ?»

«የእኔ ነው እንጂ። እኔ ነኝ አደራ ያስቀመጥኩባት። ግቢዬ ጠቦኝ ነው። እሷ ምን አገባት?»

ወኪሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከግድግዳ ላይ አንስቶ ሁለቱን ሴቶች በየተራ አየ። «ያንቺ ዛፍ በእትዬ ቦታ ላይ?»

«አደራ ነው አልኩዎ!»

«ሰርኬ» አለ፤ «እውነት ነው? ያንቺ ነው የእሷ?»

ሰርኬ በልቧ አሰላች። የእኔ ነው ብትል እንደ ገሜዳ ፍራሿን ተሸክማ መውጣቷ ነው። የእሷ ነው ብትልስ? ማክሰኞ ቀያሽ ሲመጣ፣ ከአጥሩ ወዲህ የከሊፋ ዛፍ ቆሞ ይገኛል፤ ሚስቱ በሰው ፊት የእኔ ብላለች፣ ተከራይዋም መስክራለች። ከዛፉ ሥር ያለው መሬት የማነው ተብሎ ክርክር ቢነሳ፣ መጀመሪያ ከቦታው የምትጠፋው በክርክሩ የሌለችው ተከራይ ናት። ሃጂራን ቀና ብላ አየቻት። ሃጂራ ዓይኗን ጠቀስ አደረገችላት። አድንሻለሁ ማለቷ ነው? ወይስ አራት ዓመት የጠበቅኩት ቀን ደረሰ ማለቷ? ያንን ጥቅሻ ሰርኬ በኋላ ብዙ ጊዜ አስባዋለች። መልሱን አላገኘችውም።

ወደ ቤት ገብታ መጥረቢያ ይዛ ወጣች።

«አንቺ! ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ሃጂራ።

ሰርኬ ወደ ኮኩ ሄደች። ወገቧ እያመማት ግንዱን ከሥሩ በአምስት ምት ጣለችው። ያልበሰለው ፍሬ በጭቃው ላይ ተንከባለለ።

«የማንም አይደለም» አለች።

አቶ ገብረአምላክ ከወደቀው ፍሬ ቀላ ያለውን መርጦ አነሳ፣ በኮቱ ጠራርጎ ገመጠው። ኮምጥጦት ፊቱን አጨማደደ፤ ቢሆንም ጨረሰው። «ሥሩንም ንቀይው» አለ ወደ በሩ እየሄደ። «እስከ ማክሰኞ።»

ሃጂራ ከአጥሩ አልወረደችም።

«አዎ ብትይኝ ምን ነበረበት?» አለች፣ ድምፅዋ ከዚያ በፊት ተሰምቶ በማያውቅ ልክ ዝቅ ብሎ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁለታችንም ኮክ እንበላ ነበር።»

ሻሹ ከአጥሩ ላይ ጠፋ። ሰርኬ ቅርንጫፎቹን ሰበሰበች፣ ዶማ አመጣች፣ መቆፈር ጀመረች። ብዙም ሳትቆፍር የውጭው በር ተገፋ። ሃጂራ በመንገዱ ዞራ፣ የራሷን ዶማ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ገባች።  ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከጉድጓዱ ማዶ ቆመችና መቆፈር ቀጠለች።

ሰርኬ ቆፍሪልኝ አላለችም፤ ተይም አላለችም። ዓይኗን ከሃጂራ ዶማ ላይ ሳትነቅል ከጎኗ ቆፈረች። ሥሩ ወደ ከሊፋ ግቢ የሄደ መስሏት ነበር። ወደዚያ አልሄደም። ወደ ቤቷ ነበር የሄደው፣ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ። ከዚያ በላይ ግድግዳውን ሳያፈርሱ መከተል አይቻልም። እዚያው ቆረጡት፣ ጉድጓዱን ሞሉት። ሃጂራ ላዩ ላይ በእግሯ እየዘለለች ደለደለችው።

«ይብቃ» አለች ሰርኬ።

«ይብቃ እሺ» አለች ሃጂራ፣ ዶማዋን አንስታ ወጣች።

ማክሰኞ ቀያሾቹ መጡ፣ ገመዳቸውን በዚያው አፈር ላይ ጎትተው አለፉ፣ አንዱም ወደ ታች አላየም። ቦታው ያን ዓመት አልተሸጠም። ሰርኬ በቤቷ ቆየች።

መስከረም ሊጠባ ሲል ሃጂራ ከራሷ ዛፎች የለቀመችውን ኮክ በሳህን ሞልታ በልጇ በዘሀራ ላከችላት። ሰርኬ ፍሬውን ሁለት ጊዜ አጠበችው። አንዱን ሰንጥቃ ውስጡን አየች፣ አሸተተችው፣ ከዚያ በላች። ጣፋጭ ነበር። ሁሉንም በላችው። ሲያልቅ ድንጋይ የመሰሉትን ዘሮች ከሳህኑ ላይ ለቀመች፣ አንድም መሬት ላይ እንዳልወደቀ ጎንበስ ብላ አየች፣ ወደ ምድጃው ወስዳም አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ከተተቻቸው።