የቲቸር ጌጤነሽ ትንንሽ ሽማግሌዎች

ጌጤነሽ ጉደር ተወልዳ፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ተመልሳ እዚያው ጉደር ባዮሎጂ የምታስተምር ሴት ናት። ብዙ ታወራለች፤ ሲያወሯት ግን ከዚያ የበለጠ ትሰማለች። በ2011 ዓ.ም. በትምህርት ቤቷ የጀመረችው ነገር ከዚሁ ጠባይዋ የመጣ ይመስለኛል።

እስከዚያ ድረስ የተደባደበ ተማሪ ቅጣቱ የታወቀ ነበር፤ መንበርከክ፣ ከዚያ «ወላጅ አምጣ»። ወላጅ ይመጣል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል፤ ልጆቹ በሳምንቱ በዚያው ነገር ይደባደባሉ። ጌጤነሽ ያሰበችው ጠቡን ቡጢ ላይ ሳይደርስ የሚይዙ የተማሪ ሽማግሌዎችን ማሰልጠን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውበቱም እዚህ ላይ ነው! የተጣሉት ይቀመጣሉ። አንዱ ይናገራል። ሌላው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል፤ ተናጋሪው «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አይቻልም። የባላጋራን ቃል ለመድገም ማዳመጥ ግድ ነው፤ እያዳመጡ ደግሞ ለቡጢ መዘጋጀት እንዴት እንደሚያስቸግር ሞክሮ ማየት ነው።

ልጆቹ ነገሩን ከመጠን በላይ ወደዱት። ችግሩም ይኸው ሆነ። የአሥረኛ ክፍሉ ሞሲሳ የአባቱን ጋቢ ደርቦ ይመጣል፤ ከመናገሩ በፊትም ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሰብሳቢዋ ጊፍቲ ሳይመረቅ ስብሰባ አልከፍትም አለች፤ ምርቃቱ ከጠቡ ይረዝማል። በአንድ ቻርጀር የተጣሉ ሁለት ልጆችን ለማስታረቅ ሙሉ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አለቀ።

ዳይሬክተሩ ኦቦ መርጋ ጌጤነሽን ጠሯት።

«ጌጤ፣ በቃ። ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል። ወደ ወላጅ አምጣ እንመለሳለን።»

«ኦቦ መርጋ፣ ድብድቡ እኮ ቀንሷል።»

«ሒሳቡም ቀንሷል!»

ለልጆቹ ነገረቻቸው። እነሱ ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ፤ ኩርፊያ መሰላት።

ዓርብ ጠዋት ጊፍቲና ሞሲሳ ሦስት ጓደኞቻቸውን አስከትለው የዳይሬክተሩን ቢሮ አንኳኩ።

«ምንድን ነው? ታኣ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አለች ጊፍቲ።

ኦቦ መርጋ ገባቸው። ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው ልመናው ካልተሰማ አይቀመጥም፤ አቁሞ የሚመልስ ደግሞ ይታማል። ጌጤነሽን አስጠሩ።

«አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

«እኔስ አሁን ማየቴ ነው!»

ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ለመዳር የደረሰች ልጅ የለችኝም። ቤት ተሳስታችኋል።»

«ኧረ ዳይሬክተር፣ ለጋብቻ አይደለም» አለ ሞሲሳ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ለምን እንዳቆሙት እንዲነግሩን ነው የመጣነው።»

ነገሯቸው። ጊፍቲ አዳመጠችና «ያሉት፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለተበላ ተቆጥተዋል ነው። ልክ ነኝ?» አለች።

«አይደለም! የተቆጣሁት ስለ ሽምግልናው ማንም ስላልነገረኝ ነው። ባጃጅ ውስጥ ከአንድ ወላጅ ሰማሁ! የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ማነው?»

«እርስዎን ሳናማክር በመጀመራችን ተቀይመዋል። ልክ ነኝ?»

ኦቦ መርጋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አዎ» አሉ ቀስ ብለው። «ያልኩት እሱን ነው።»

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ጌጤነሽ። «መጀመሪያ እርስዎ ጋ መምጣት ነበረብኝ።»

«እሱን ነበር መስማት የፈለግኩት። እሺ፣ ይቀጥል። ግን ከትምህርት ሰዓት በኋላ!»

አምስቱም ተቀመጡ፤ ወንበሩ ሁለት ስለነበር ተደራርበው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ አልተቋረጠም። አሁን የሚገርመው ሌላ ነው፤ ከክፍል በኋላ መቆየት የማይፈልጉ ጠበኞች ገና በእረፍት ሰዓት፣ ሽማግሌ ሳይደርስ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየደገመ ይታረቃሉ። ጌጤነሽ ይህን የሥልጠናዋ ውጤት ትለዋለች። ኦቦ መርጋ ደግሞ «ሰዓቱን ማን ቀየረው?» ይላሉ።

እስካሁን አልተስማሙም።