ያልፈጀኝ ማጭድ

እናቴ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ይህንንም ለማያውቅ ሰው ሳትነግር ውላ አታውቅም። “አጥንታችን ንጹሕ ነው” ትላለች፣ ሥጋ ቤት የከፈተች ይመስል። ያኔ በባሕር ዳር ሰፈራችን ቁምጥና በዘር የሚወርድ ደዌ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ልጅ ሊያጭ የመጣ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያጣራው እሱን ነበር። እኔን ያጩኝ ሰዎችም ጎረቤቶቻችን ሆነው እንኳ አጣርተዋል። ልጃቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደመወዝተኛ ነው። እኔ በቅጡ ሳላየው እናቴ ወድዳው ጨርሳለች።

በዚያው ሰሞን ከክርኔ ዝቅ ብሎ ነጣ ያለ ነገር ወጣብኝ። እናቴ ቋቁቻ ነው ብላ ሎሚ ስታሽልኝ ከረመች፤ አልለቀቀም። ከዚያ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ፦ ቅዳሜ የቆዳ ምርመራ አለ፣ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም። አብዮቱ ለጤናችን ያለው ፍቅር ሁልጊዜ በስኳር በኩል ነበር የሚመጣው።

ሐሙስ ቀን እናቴ በሩን ዘግታ የማጭድ ጫፍ ከሰል ላይ አጋለች። በእኛ አገር መተኮስ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለቁርጥማቱም ለራስ ምታቱም ሰው ይተኮሳል። እሷ ያሰበችው ግን ሌላ ነው። ነጣ ያለው ቦታ ቁስል ከሆነ ማንም ሌላ ነገር አይፈልግበትም። ነጠላዬን ጠቅልላ አስነከሰችኝ።

ማጭዱ ክንዴ ላይ ሲያርፍ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። ከሽታው በቀር ምንም አልመጣም። ነጠላውን ከአፌ አውጥቼ፣ ደስ እያለኝ፣ “እማዬ፣ አልፈጀኝም እኮ” አልኋት። ጸሎቷ የሠራ መስሎኝ ነበር።

ፊቷ ዐመድ መሰለ። ማጭዱን እንደገና አጋለችና እዚያው ቁስል ላይ ደገመችኝ። ይሄኛው ለመደበቅ አልነበረም፤ እንዳለቅስላት ነበር። “ጩሂ!” አለችኝ። “በማርያም፣ ጩሂ አንች ልጅ!” ምን ብዬ ልጩህ? በጥፊ ስታጮለኝ ያኔ አለቀስሁ።

ቅዳሜ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የወደፊት አማቴ ከፊት ተቀምጠዋል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ ወጣት ነው፤ ጥጥ አፍተልትሎ ይይዝና ሰውን ዓይን አስጨፍኖ ቆዳውን እየነካ “የት ጋ ነው?” ይላል። ከመጀመሩ በፊት ሰበከን። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። የሚያማችሁ ነገር አያስፈራኝም፤ የማያማችሁን አሳዩኝ። ቁምጥና ማለት መጀመሪያ የማያም ነጭ ምልክት ነው፤ በጊዜ ከተገኘ በኪኒን ይድናል።” እናቴ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሷን ስትነቀንቅ አይቻታለሁ።

ተራዬ ሲደርስ “የፈላ ዘይት ፈሶባት ነው፣ ጓድ” አለችው። ድሬሰሩ ክንዴ የታሰረበትን ጨርቅ ፈትቶ አዘነልኝ። ቁስሉን በአልኮል ሊጠርግ ሲያጎነብስ፣ እናቴ በነጠላዋ ሥር እጇን ሰድዳ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ ሥጋ ይዞ የሚወጣ ቁንጥጫ ነው። አዳራሹ እስኪያስተጋባ ጮህሁ። “አይዞሽ፣ ማመሙ ደግ ነው” አለኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። አማቴ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ማጭዱን ይቅር ብያታለሁ፤ በኪኒን እንደሚድን አላወቀችም ነበር እላለሁ። ቁንጥጫውን ግን ይቅር አላልሁም፣ አልልምም።

ተዳርሁ፣ ወንድ ልጅም ወለድሁ። አንድ ቀን ከአማቴ ጋር ጣና ዳር ልብስ ስናጥብ ውኃው ቀላ። ትንሹ ጣቴ ድንጋዩ ላይ ተልጦ ኖሯል፤ እኔ ሳላውቅ ማሸቴን ቀጥያለሁ። አማቴ እጄን ይዘው ጣቶቼን ሊዘረጓቸው ሞከሩ። ሁለቱ እንቢ አሉ። ልጄን ከጀርባዬ ፈትተው ይዘውት ሄዱ። ልብሱን ለእኔ ተውልኝ። ባሌ ሣጥኔን ወደ እናቴ ቤት ላከው፤ እሱ ግን ብቅ አላለም።

እናቴ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጠባሳዬን በጣቱ እየዳሰሰ፣ በሽታው በመድኃኒት እንደሚቆም፣ የታጠፉት ጣቶች ግን እንደማይመለሱ፣ መጀመሪያ ላይ መጥቼ ቢሆን ይህ ሁሉ እንደማይደርስ ነገረኝ። እናቴ ስለ ጣቶቼ ምንም አልጠየቀችም።

“ዶክተር፣ በዘር ነው እንዴ?”

“አይደለም እናቴ። በዘር አይተላለፍም።”

እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። እዚያው ሐኪሙ ፊት አማተበች፣ እኔን ቤት አድርሳ በቀጥታ ወደ አማቶቼ ሄደች። ልጄን ታቅፋ የምትመለስ መስሎኝ፣ ጡቴ እያጋተ፣ ደጅ ተቀምጬ ጠበቅኋት።

ስትመጣ ፊቷ በርቷል። “ነገርኋቸው” አለች። “ከዘራችን እንዳልሆነ አመኑልኝ። ምሳ ሁሉ አቀረቡልኝ።”

“ልጄስ?” አልኋት።

“እሱንማ አላነሣሁትም” አለች ነጠላዋን እያጣጠፈች። “እርቁን ላበላሸው ነው?”