ኮሚሽነሩ በመሳቢያ ያቆየው ወንድሜ

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አትላንታ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የመጀመሪያ አፓርታማዬን ቁጥር እንኳ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ይህን ግን አልረሳሁም። ያልረሳሁትም ስለተበደልኩ ብቻ ሳይሆን ብድሬን በገዛ እጄ ስለመለስኩ ነው።

ያኔ የምኖረው አትላንታ ዳር፣ ስኮትዴል ነበር። ከሱዳን ስፖንሰር ሆና ያስመጣችኝ አንዲት የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በኋላም በጽዳት ሥራ ቀጠረችኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እነሱም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ሃይማኖትሽን ቀይሪ ያለኝ ሰው የለም። ከምእመናኗ ግማሾቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። እሑድ እሑድ ሴቶቹ ባርኔጣና ጓንት አድርገው ሲገቡ ሠርግ ቤት ይመስላል። ከመካከላቸው ባለሥልጣኖችም ነበሩ፤ አንድ ዳኛ፣ አንዲት የትምህርት ቦርድ አባልና አንድ የካውንቲ፣ እንደኛ የወረዳ በሉት፣ ኮሚሽነር። ሦስቱም የአንድ ደሴት ልጆች ስለሆኑ አንዱ ለምርጫ ሲቀርብ ሌሎቹ ቆመው ይናገሩለታል።

የኔ ጉዳይ ከኮሚሽነሩ ጋር ነው። የየትኛው ካውንቲ እንደነበረ ይቅር። ስሙንም ቀይሬ ሚስተር ፔንዴል ልበለው። የቤተ ክርስቲያኗ የስደተኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነበር።

ካርቱም የቀረ ግርማ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እሱን ለማስመጣት ቤተ ክርስቲያኗ ስፖንሰር መሆኗን የሚገልጽ ፎርም መላክ አለባት። ፎርሙን ሳይን አድርጎ የሚልከው ሚስተር ፔንዴል ነው። ፎርሙንና የግርማን ፎቶ በእጄ ሰጠሁት። ሁለቱንም እጆቼን ያዘና፣ «እኔም ከደሴት በመርከብ የመጣሁ ሰው ነኝ። ያንቺ ወንድም የኔም ወንድም ነው» አለኝ። እንባዬ መጣ። ማታ ስጸልይ ከናቴ ስም ቀጥዬ የሱን ስም ጠራሁ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ጸሎታቸው ሲያልቅ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።

«ከካርቱም መልስ መጣ?»

«ገና ነው፣ ዜና። ካርቱም ቀርፋፋ ነው። ጸልዪ።»

ዘነበች ማለት ስለሚከብደው ዜና ነው የሚለኝ። እኔም እጸልያለሁ። እንዲህ እያልን አሥራ አራት ወር ሞላን።

በዚህ መሃል ከግርማ ደብዳቤ መጣ። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ነበር። ፖሊስ መንገድ ላይ ስደተኛ ሲያፍስ እሱም ተይዞ ኖሯል፤ ጆሮው ላይ በዱላ መትተውት ግራው አልሰማ ብሎታል። እጁም ስላበጠ ጓደኛው ነው የጻፈለት። «እዚያ ስትደርሺ የረሳሽኝ መሰለኝ» ይላል መጨረሻው። ደብዳቤውን ይዤ ሄጄ ለሚስተር ፔንዴል እያለቀስኩ ተረጎምኩለት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «ካርቱምን እንደገና እጠይቃለሁ» አለኝ።

ያን ሰሞን ለስቴት ሴኔት፣ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት፣ ይወዳደር ነበር። በቅስቀሳ ወረቀቱ ላይ የኔ ፎቶ ወጣ፤ እሱ መሃል ቆሞ፣ እኔ ከጎኑ ሻርፕ ለብሼ። ከሥሩ ስደተኛ ማስጠጋቱ ተጽፏል። ለምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው በቤተ ክርስቲያኗ አዳራሽ ስብሰባ ሊያደርግ ነውና እኔም ቆሜ እንድመሰክርለት አራት መስመር ጽፎ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ምን አለበት፣ ሰውየው ወንድሜን እያስመጣልኝ ነው።

ስብሰባው ከመድረሱ ከስምንት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የኮሚቴውን ክፍል ሳጸዳ ጸሐፊዋ መጣችና የቅስቀሳ ወረቀቶቹን ከሚስተር ፔንዴል መሳቢያ አውጥቼ አዳራሽ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ። የላይኛውን ከፈትኩ፤ የለም። የታችኛውን ስከፍት ግርማን አየሁት።

ፎቶው ነው። ከፎቶ ቤቱ የተዋሰው፣ ትከሻው የሰፋ ኮት። ከሥሩ ፎርሙ አለ። ሳይን አልተደረገም። ማዕዘኑ ላይ በእጅ ጽሑፍ፣ «ሆልድ» ይላል፣ «ከምርጫው በኋላ እስኪሆን»።

ሆልድ የሚለውን ቃል የማውቀው እጅ ሲያዝ፣ ዕቃ ሲያዝ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደህና ተረጎምኩት። «አጥብቃችሁ ያዙት፣ እንዳይጠፋ» ያለ መሰለኝ። ግን ምርጫው ከወንድሜ ጋር ምን ያገናኘዋል? ወረቀቱን አጥፌ ከፎቶው ጋር በሽርጤ ኪስ ከተትኩና ስማይርና ለምትኖረው ለጓደኛዬ ለአስቴር ደወልኩ። አስቴር ጴንጤ ናት፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። እንደገና አስነበበችኝ።

«አስቱ፣ ምን ማለት ነው?»

«እንዳይላክ ማለት ነው፣ ዘኑዬ። ምርጫው እስኪያልፍ ይቀመጥ ማለት ነው።»

ለምን እንደሆነ እሷው አስረዳችኝ። ያኔ ስደተኛ በዛብን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አንዲት የመጣች ስደተኛ ከጎን አቁሞ ፎቶ መነሳት ደግነት ነው፤ ሌላ መጨመር ግን ድምፅ ያስቀንሳል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ አራት ወር! ጆሮው!

አስቴር፣ «ለቤተ ክርስቲያኗ ቄስ ስጪያቸው፤ ደህና ሰው ናቸው፣ በጓዳ ይጨርሱልሻል» አለች።

«አይሆንም፤ በጓዳ አይደለም የምፈልገው» አልኳት።

ስምንቱን ቀን እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም። እሑድ በር ላይ ቆሜ እንደወትሮው ጠየቅኩት። «ካርቱም ቀርፋፋ ነው» አለኝ። ፈገግ አልኩለት። ማታ ማታ አስቴር በስልክ እንግሊዝኛውን ታስጠናኛለች። «ሲስ፣ ቀስ ብለሽ። ከተናደድሽ ቃሉ ይጠፋሻል» ትለኛለች።

የስብሰባው ቀን አስቴር በመኪናዋ አደረሰችኝ። ፓርክ አድርጋ ስንገባ አዳራሹ ሞልቷል። ዳኛውና የትምህርት ቦርዷ ሴትዮ መድረክ ላይ ናቸው። ቄሱ ከፊት ተቀምጠዋል። ከሳቸው ጎን ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አሮጊት አሉ፤ የሚስተር ፔንዴል እናት ናቸው። ለልጃቸው ምርጫ ብለው ነው ከደሴቲቱ የመጡት፤ እዚያ ዕድሜ ልካቸውን አስተማሪ ነበሩ።

ስሜ ተጠራ፤ ተጨበጨበ። የጻፈልኝን አራት መስመር አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ፎርሙን አወጣሁ። ፎቶውን ከፍ አደረግኩ።

«ይህ ወንድሜ ነው። ካርቱም ተደብድቦ ጆሮው ደንቁሯል። አሥራ አራት ወር በየእሑዱ ሚስተር ፔንዴል ካርቱም ቀርፋፋ ነው ይለኛል። ካርቱም እዚህ ነው፤ የሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያገኘሁትን ላንብብላችሁ።»

አነበብኩት። ቃሉ አልጠፋኝም።

ሚስተር ፔንዴል ሣቀ። «አልተግባባንም፤ ዜና እንግሊዝኛው ያስቸግራታል» አለ። ያን ጊዜ እናቱ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ወርጄ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ይህ ያንተ ጽሕፈት ነው?» አሉት።

«እማማ፣ አሁን አይደለም፣ እባክሽ…»

«ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ልጠይቅህ ብዬ እንጂ አላጣሁትም።»

ወረቀቱን ለቄሱ አቀበሉና የመሃሉን መንገድ ይዘው ወጡ። ዳኛው መድረክ ላይ ነበር፤ ተራው ደርሶ ሊናገርለት ነው። ባርኔጣውን አነሣና አሮጊቷን ደግፎ አብሮ ወጣ። ከዚያ ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲነሣ ብቻ ነው የምሰማው። ሚስተር ፔንዴል ማይክሮፎኑን ይዞ ቀረ። ፊቱን ጠግቤ አየሁት። አላፍርም፣ እውነቱን ነው የምናገረው፤ እንደዚያን ቀን የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ምርጫውን ተሸነፈ። ፎርሙን ቄሱ በማግስቱ ሳይን አድርገው ላኩት። ግርማ ከሰባት ወር በኋላ አትላንታ ኤርፖርት ወረደ። በግራው ቆሜ ስጠራው ዝም ብሎኝ አለፈ፤ ሮጬ በቀኙ ዞርኩና አቀፍኩት።

ከምርጫው በኋላ ሚስተር ፔንዴል አንድ ቀን ስኮትዴል ድረስ መጣ። የደሴቶቹ ሰዎች ለገና በዓል የሚጋግሩትን ጥቁር ኬክ በሣጥን ይዟል። አንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየሁት። «ዜና፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ አልከፈትኩም። እንደገና አንኳኳ፣ ጠበቀ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገ። ኬኩን ደጃፌ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ኬኩን ሳልነካው እስኪሻግት ተውኩት።

ግርማ እንደኔ አይደለም። ሰውየውን ራሱ ፈልጎ ሄዶ ታረቀው። እንዲያውም ወዳጆች ሆኑ፤ ሠርጉ ላይ ጠራው። እኔ በዚያ ቀን ከሙሽራው ጋር ፎቶ የተነሣሁት ሚስተር ፔንዴል ከሰልፉ ከወጣ በኋላ ነው። ግርማን አልቀየምኩም። የተመታው እሱ ነው፤ ይቅር ቢል መብቱ ነው።

አሁን ስኔልቪል ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ሚስተር ፔንዴል ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እንደሞተ የንስሐ አባቴ ነገሩን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ይቅር ብለሽዋል?» አሉኝ።

«በአፌ ብያለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው።

«በልብሽስ?»

እሳቸውን መዋሸት ስለማልችል፣ «አላልኩም» አልኳቸው። እንድሰግድ ቀኖና ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ጉልበቴን አመመኝ፤ ልቤ ግን እንደነበረ ነው። እግዚአብሔር ስለዚህ ይጠይቀኝ ይሆናል። ያን ቀን መልሶ ቢያመጣልኝ ግን ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብዬ አነበው ነበር።