የጀልባዋ ቱቦና የሰው አፍንጫ

ባለፈው ቅዳሜ፣ አምቦ በተከራየሁት ቤት የዕቃ ማጠቢያውን ሥር ሳጸዳ፣ ሳላስበው ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክሬ ቱቦው ላይ ጠቀለልኩ። ትንሽ ቆይቼ አነሳሁትና አሸተትኩት። ይሽተት አይሽተት መለየት አቃተኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ጊንጪ አጠገብ ያለው ደንዲ ሐይቅ ትዝ አለኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት የመጀመሪያ ሥራዬ እዚያ ነበር። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ባለሀብት ሐይቁ ዳር ማረፊያ ሠርተው፣ ለጎብኚዎች መጸዳጃ ያላት ጀልባ ያሠሩ ነበር። የአካባቢው ሽማግሌዎች ከብቶቻቸው የሚጠጡትም እነሱ የሚቀዱትም ከሐይቁ ስለሆነ፣ የጀልባዋ ቆሻሻ አንዲት ጠብታ እንዳይነካው አስምለዋቸዋል። ስለዚህ ቆሻሻው ጀልባዋ ውስጥ ባለ ታንከር ተጠራቅሞ፣ ዳር ስትደርስ በቱቦ ወደ ጉድጓድ ይሳባል። ቱቦውንና መገጣጠሚያውን መምረጥ የእኔ ድርሻ ሆነ። የሙከራ ጊዜዬን እንኳ አልጨረስኩም ነበር።

ነሐሴ ነበር። ጊንጪ ላይ በመኪናው መስኮት የበቆሎ ጥብስ ሽታና ዝናብ አብረው ይገቡ ነበር። አምቦ ደርሼ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ የመጸዳጃ ቱቦ ጠየቅሁ።

«ለምን አልሽ፣ እህቴ?» አለ ባለሱቁ።

«ለጀልባ። ለደንዲ ሐይቅ።»

«እንዴ! ጊንጪ ወደብ ተከፈተ?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ሳቁ። አቀርቅሬ መምረጤን ቀጠልኩ። የንጹሕ ውሃው ስስ ቱቦ ባያፈስም የቆሻሻው ሽታ ቀስ በቀስ በገላው አልፎ ይወጣል፤ ወፍራሙን ጥቁር ጎማ ያዝኩ። ኤልቦ ከሚሉት በአንዴ ከሚታጠፈው መገጣጠሚያ ይልቅ ቆሻሻ እንዳይወተፍበት ሰፋ ብሎ የሚዞረውን መረጥኩ። ለየመጋጠሚያው ሁለት ሁለት የብረት ማሰሪያ ጨመርኩ። ሲገጠም ግን ጎማው ክንድ ለማትሞላ ቦታ አጠረ። ኦቦ ገመቹ «የተረፈ የውሃ ቱቦ አለ፣ እሱን ቀጥይበት» አሉ። «ይሸታል» ያልኩት ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በላይ አልተሰማም፤ ቀጠልኩበት።

የማረፊያው ሠራተኞች የጀልባዋን መጸዳጃ ወር ያህል ተጠቀሙበት። ከመካከላቸው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምሳ ላይ አጠገባቸው ስቀመጥ ወሬያቸው ይቋረጣል። ስለዚህ የተቀቀለ ድንቼን ይዤ ጀልባዋ ውስጥ እበላ ነበር። ጎብኚዎች ሊመጡ ሲቃረቡ ጎማውንም የውሃ ቱቦውንም በየራሳቸው ሙቅ ጨርቅ ጠቅልዬ ፈተንኩ፤ ሽታ ካለ ጨርቁ ላይ ይቀራል። አሸተትኩ። ምንም የለም። ደስ ሊለኝ ሲል ደነገጥኩ፤ ወር ሙሉ እዚያ ስበላ አፍንጫዬ ለምዶት ቢሆንስ? የሌላ ሰው አፍንጫ ያስፈልገኛል። ማንን ልጠይቅ?

የማረፊያው ዘበኛ ባለቤት አዴ ዲንቂ ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ሲወርዱ አየኋቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደኅና አደሩ፣ አዴ? ይቅርታ… እነዚህን ጨርቆች ያሸቱልኛል?»

«ሽቶ ነው?»

«የመጸዳጃ ቱቦ ነው።»

«ወይ ጉድ! ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይኼን ነው?»

እስኪደክማቸው ሳቁ። ጄሪካኑን አስቀምጠው ግን ጨርቆቹን ተራ በተራ አሸተቱልኝ። የጎማው ንጹሕ ነበር። በአጭሯ የውሃ ቱቦ ላይ የጠቀለልኩትን ሲያስጠጉ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይሄስ ይሸታል፣ ልጄ። አንቺን አይሸትሽም?»

«አይሸተኝም» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«ብቻሽን እዚያ ስለምትቀመጪ ነው» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ፈትተው ሰጡኝ። ቅቤው በእጃቸው ሙቀት ለስልሶ ነበር።

ጨርቁን ይዤ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። «መጀመሪያ ይህን ያሽትቱ፣ ከዚያ እንግዳ ይጥሩ።»

«ድምፅ አለሽ ለካ!» አሉኝ። አሸተቱና ጎማ ለማምጣት መኪናቸውን አስነሡ።

ሥራው ሲያልቅ ለሌላ ሥራ ወደ አምቦ መጣሁ፤ አዴ ዲንቂን ዳግም አላየኋቸውም። ዛሬ የራሴ ቁልፍ ያለው ቤት አለኝ። ከሥራ እመለሳለሁ፣ እቆልፋለሁ፣ አበስላለሁ። ቤቴ ምን ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ብቻውን የሚኖር ሰው የገዛ ቤቱን ሽታ የሚያውቀው ሌላ ሰው ደጁን አልፎ ሲገባ ብቻ ነው።

ጨርቁ እጄ ላይ ቀዝቅዟል። ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ልብስ ስታራግፍ ይሰማኛል፤ ስሟን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። የቀዘቀዘ ጨርቅ ይዤ ደጇን ባንኳኳ ደግሞ ምንም አይሸታትም። ተነሣሁና ውሃውን እንደገና ጣድኩት።